ስምንት ወር አይደለም አልኳቸው

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ዕለት ማታ የአንድ አስተማሪ ሱሪ ጫፍ እያጠፍኩ ነበር። መኪናው በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ደግሞ የሰው ልብስ ጀምሬ አልተውም ብዬ እንቢ አልኩ። አብሮኝ የሚሰፋው ተሾመ «ጋሼ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አውሮፕላን እርስዎን አይጠብቅም» ብሎ ከእጄ ወሰደብኝ። ሱቁንም ማሽኖቹንም ለሱ አደራ ብዬ፣ ሁለት ዓመት ቆይቼ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ይኸው አራተኛዬን ያዝኩ።

ያለሁት ዳላስ አጠገብ፣ ሌዊስቪል፣ ልጄ ሰናይት ጋ ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ ብቻህን አትሆንም ብላ ነው ያስመጣችኝ። እሷ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፣ እኔ መኝታ ቤቴ ውስጥ በትንሽ ማሽን የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። እኛ አገር ብርዱ ራሱ ደንበኛ ያመጣል፤ ካፖርት ሲሰፋ የኖረ እጄ እዚህ ቁምጣ ያጠብባል። ሰዉ ልብሱን በስልክ ያዛል፣ ይረዝመዋል፣ በፌስታል በሬ ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል። እኛ ጋ ሊለካ የመጣ ሰው የልጁን ሠርግ ሳያወራ አይወጣም ነበር። እዚህ ወገቡን አውቀዋለሁ፣ ስሙን አላውቀውም።

አሁን ልትመጡ ያሰባችሁ ይህን የካርድ ነገር ስሙኝ። አንድ ቀን ሰናይት ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሦስት ክሬዲት ካርድ እናወጣለን፣ በተራ። ካሽባክ ያላቸውን። ከገዛህበት ላይ ትንሽ ይመልሱልሃል።»

«ምርቃት ነዋ» አልኳት። እኔም ካፖርት ላሰፋ ሰው ቁልፍ በነጻ እጨምርለት ነበር።

«ምርቃት በለው። ብቻ በየወሩ ሙሉውን ካልከፈልክ ምርቃቱን በወለድ መልሰው ይወስዱታል።»

የመጀመሪያው ለምግብና ለቤንዚን፣ ለራሴ። ከአራት ወር በኋላ የቢዝነስ፣ ለክርና ለዚፕ። ከዚያ ለመብራትና ለስልክ ሌላ። ለምን በአንድ ቀን አንጨርሰውም ብላት፣ «ሶ፣ ሦስት ቦታ ባንዴ አፕላይ ካደረግክ የቸገረህ ይመስላቸዋል፣ ስኮርህ፣ የብድር ነጥብህ ይወርዳል» አለችኝ። ይሄስ ገባኝ፤ በአንድ ጠዋት ሦስት ሱቅ ዱቤ የሚጠይቅ ሰው እኛም ገበያ ወሬው ይቀድመዋል። በአንድ ካርድ ለምን አንገዛም ስላት ደግሞ «ታክስ ስንሠራ ሽንኩርቱን ከክሩ ማን ይለየዋል?» አለች።

የመጀመሪያው ያለ ጣጣ መጣ። ዋናው የቢዝነሱ ነበር። እዚሁ ቅርብ፣ ዩለስ የሚኖር ሰውዬ የኤርፖርት ሠራተኞችን ጃኬት ለማደስ ሥራ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል፣ ብርዱ ሳይመጣ። ጃኬቱ ወፍራም ነው፣ የኔ ማሽን መርፌ ይሰብራል። የቢዝነሱ ካርድ ለመጀመሪያው ዓመት ወለድ ስለሌለው ትልቁን ማሽን በሱ ልንገዛ ነው። ካርዱ ከሌለ ማሽኑ የለም፣ ማሽኑ ከሌለ ጃኬቱ የለም።

ማመልከቻው ላይ ሥራው ከተጀመረ ስንት ጊዜው ነው ይላል። ሰናይት ስምንት ወር ልትል ነው።

«አርባ አንድ ዓመት በይ።»

«አባዬ፣ እዚህ የከፈትከውን ነው የሚጠይቁት።»

«ስፌት እዚህና እዚያ አለው?»

«ማለቴ፣ ቢዝነሱን ነው እንጂ አንተን አይደለም።»

«ቢዝነሱ ማን ነው ታዲያ?»

ሥራ ረፈደብኝ ብላ ወጣች። እኔም አርባ አንድ ብዬ ላክሁት።

ከባንኩ ደውል የሚል መልእክት መጣ። ደወልኩ፣ በእኔና በባንኳ ሴትዮ መካከል አማርኛ የምታስተረጉም ሴት አስገቡልን።

«ጌታዬ፣ ሥራዎ አርባ አንድ ዓመቱ ነው ወይ ትላለች።»

«ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ደብረ ብርሃን፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት።»

ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠችው።

«አሁን ክፍት ነው ወይ?»

«እሑድ ብቻ ይዘጋል።»

«የንግድ ፈቃዱ በእርስዎ ስም ነው?»

«በማን ስም ሊሆን ነው?»

አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጥ ስታደርግ ሰማኋት። «እንግዲያው የዘንድሮውን ፈቃድ ፎቶ ይላኩ፣ ካልሆነ ቁጥሩን ያርሙ። በአሥር ቀን ካልላኩ ማመልከቻው ይዘጋል።»

ሰናይት ስትሰማ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «የጃኬቱ ሰውዬ ብርዱ እስኪመጣ አይጠብቅህም፣ አባዬ። ስምንት ወር በላቸው፣ በቃ።» አልልም አልኳት። ተሾመ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና። የዘንድሮውን ፈቃድ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።»

 መስመሩ የጠፋ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

«የዘንድሮው በእኔ ስም ነው፣ ጋሼ። አምና ላሳድስ ብሄድ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ አሉኝ። ሦስቴ ተመላለስኩ። ሱቁ ከሚታሸግ ብዬ የእርስዎን ትቼ አዲስ በስሜ አወጣሁ። እርስዎ በደወሉ ቁጥር ሱቃችን እንዴት ነው ይሉኛል፣ ምን ብዬ ልንገርዎ?»

«ታፔላውስ?»

«ታፔላው መቼ ስም ነበረበት? ልብስ ስፌት ነው የሚለው።»

እውነቱን ነው። ልቆጣው ፈልጌ ቁጣው አልመጣ አለኝ። ደግ አደረግህ አልኩት፣ ከልቤም ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የያዝኩትን ሱሪ ሁለት ጊዜ በተሳሳተ በኩል ሰፋሁት።

በማግስቱ ባንኩ ጋ ደውዬ ስምንት ወር አልኩ። ወዲያው ፈቀዱልኝ። ለአርባ አንዱ ዓመት ማስረጃ አምጣ ያሉኝ ሰዎች ስምንቱን ወር በቃሌ ብቻ ተቀበሉኝ። ሰናይት ተደስታ «ሦስተኛውን ግን እኔ ነኝ የምሞላው» አለች። ሙዪ አልኳት።

ማሽኑ መጣ፣ ጃኬቶቹም መጡ። ባለፈው ቅዳሜ ተሾመ ራሱ ደወለ። አንድ ሰው የድሮ ካፖርት ጨርቁን ውስጡን ወደ ውጭ ሊያስገለብጥ አምጥቶለት የእጅጌው ገበር እየጎተተ አስቸግሮታል። «እንዴት ነበር የሚይዙት፣ ጋሼ?» አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ እያሳየሁት፣ ማን እንደሚያይልኝ እንጃ፣ «ገበሩን ከጨርቁ አንድ ጣት አስረዝመው፣ ብብቱ ጋ አላላው፣ ከዚያ ወደ ትከሻው ስትወጣ» ስል መስመሩ ተቋረጠ።

ዋናው የቀረው ነበር። ከብብት ወደ ትከሻ በእጅ ነው የሚሰፋው፣ በማሽን አይደለም። ደጋግሜ ደወልኩ፣ እስካሁን አልገባልኝም።