የአባቴን የጀልባ መሪ ሳሳምር

እማዬ የአባቴን የጀልባ መሪ ዳበስ ዳበስ አደረገችና «የአባትህ ጣቶች የነበሩበትስ?» አለችኝ።

ነገ አርባቸው ነው። ጣና ላይ ሰውና እህል ሲያመላልሱ የኖሩበትን የእንጨት መሪ ለእንግዳ እንዲታይ አሳምሬ ልሰቅለው ብዬ፣ ጠዋት ከወረታ ገበያ እንጨት ማለስለሻ ብርጭቆ ወረቀትና ትንሽ ቫርኒሽ ገዛሁ። ብሩሽ ስለሌለኝ የቀባሁት በአሮጌ ካልሲዬ ነው።

ግቢ ቁጭ ብዬ ስፈገፍግ ጎረቤታችን «ለየትኛው መኪናህ ነው?» ብሎ አሳቀኝ።

መሪው ላይ የአባቴ ጣቶች በስንት ዓመት ያጎደጎዱት ቦታ ነበር። እኔ እንከን መስሎኝ እስኪስተካከል ፈግፍጌ አጠፋሁት።

እማዬ አልተቆጣችኝም። ደጋግማ በእጇ ፈለገችው፤ አጣችው።

ቫርኒሹ ስላልደረቀ የእሷ ጣቶች ምልክት መሪው ላይ ቀርቷል። እሱን አልነካውም።

እናንተስ፣ አሳምራለሁ ብላችሁ ምን አጠፋችሁ?