ጌሬንት መኪናውን የፈታበት ወር

ጌሬንት ጋራዤ ለሥራ የገባው አስራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። እዚህ የድሮ የከሰል ማዕድን ከተማችን አበርዴር ውስጥ መኪናቸውን አስፋልት እስኪልስ ድረስ ዝቅ አድርገው፣ ማርሚታውን ቀደው ሰፈሩን የሚያደነቁሩ ልጆች ሞልተዋል፤ እሱም ከነሱ አንዱ ነበር። እጁ ግን ወርቅ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የሞተር ሕመም በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሆነ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያቺን ቮክስሆል የምትባል ትንሽ መኪናውን ስድስት ዓመት ሠራት። ሞተሯን በትልቅ ቀየረ፣ ሞላዎቿን አሳጠረ፣ ሰፋፊ ቸርኬ አሰረላት፣ ወይን ጠጅ ቀለም ቀባት። አያቱ ከሰል ሲቆፍሩበት የኖሩትን የዶማ እጀታ ቆርጦና አለስልሶ የማርሽ እጀታ አደረገው። ያወለቀውን የፋብሪካ ዕቃ ደግሞ አንዱንም አልጣለም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእናቱ ቤት ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን አስቀመጠው። እነዚህ ልጆች ሁሉም እንዲህ ናቸው። ስንሸጣት ይጠቅመናል ይላሉ፤ እንደማይሸጡ ግን ልባቸው ያውቃል።

ባለፈው ዓመት ታመመ። ሲጀምር ትንሽ ነገር ነበር፤ እያወራ ድንገት ዝም ይላል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ለማንም አልተናገረም። ከተናገረ መንጃ ፈቃዱን እንደሚያስረክብ ያውቃላ! እንዲህ ሆኖ አምስት ወር ነዳ። አንድ ጠዋት እህቱን ካሪስን ትምህርት ቤት ሲያደርሳት መኪናዋ መስመሯን ለቃ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አመራች። ካሪስ መሪውን ጎትታ አዳነቻቸው። ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ቆማ ነበር።

ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው አለው። ጌሬንትም መንጃ ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት በፖስታ መለሰ። ሳይጥለው ዓመት ከሞላው መልሶ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን በየሦስት ወሩ ይጥለዋል፣ ቆጠራውም እንደገና ይጀምራል። «ቆጠራው ሲሞላ እነዳለሁ» ማለት ግን አንድም ቀን አልተወም።

ካሪስ በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ነርስነት የምትማርበት ሆስፒታል ከተራራው ወዲያ ነው፤ ለጠዋት ተረኝነቷ የሚያደርሳት አውቶቡስ የለም። ስለዚህ መኪናዋን እሷ ትንዳ ተባለ። እንቅፋት የሆነው ኢንሹራንሱ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሏቸው ያቃስታሉ፤ የተቀየረ ሞተር ሲሏቸው ስልኩን በደዋዩ ጆሮ ላይ መዝጋት ነው የሚቀራቸው። አራት ኩባንያዎች እንቢ አሉ። አምስተኛው የጠየቀው የመኪናዋን ዋጋ ሦስት እጥፍ ነበር።

ይሄኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ጋራዡ ውስጥ ሦስታችን ሻይ እየጠጣን ነበር።

«ምን ያስጨንቃችኋል? እናታችን ናት የምትነዳው ብላችሁ በእናታችሁ ስም አውጡት። ስለ ሞተሩም ዝም ነው። ግማሹ ሰፈር እንደዚህ አይደል እንዴ የሚነዳው!»

ካሪስ ወንድሟን አየችው። ፊቷ በራ። ጌሬንት ግን ኩባያውን አስቀመጠ።

«አይሆንም፣ ጋሽ ሃወል።»

«ለምን? ቄስ ሆንክብን?»

«አምስት ወር ሙሉ ደብቄ ነድቻለሁ» አለ። «ያቺ ሴትዮ አሁንም ትታየኛለች። ካሪስ ነገ ሰው ብትገጭና ውሸቱ ቢወጣ፣ ጣጣው በሷ ላይ ነው የሚወድቀው። የኔን ሞተር ደብቃ አትነዳም።»

እኔ ሳፍር የምቆጣ ሰው ነኝ። «ታዲያ ሽጣትና ተገላገል!» ብዬ ጮህኩበት።

«አልሸጣትም። እፈታታለሁ። የፋብሪካ ዕቃዋን እመልስላታለሁ።»

ፈታት። ወር ፈጀበት፤ ዝናቡም ወሩን ሙሉ አላባራም። ብቻውን መኪና ሥር እንዳይገባ ስለተከለከለ ካሪስ ባልዲ ገልብጣ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር።

«ጥፍርሽን ከምታዪ መፍቻውን አቀብዪኝ።»

«አሥራ ሦስቱን?»

«አሥራ አምስቱን! አንቺ ነርስ ሆነሽ ስንቱን ትጨርሺው ይሆን?»

«ካንተ ነው የምጀምረው።»

ሞተሩን ስናወጣ አገዝኩት። ስድስት ዓመት የለፋበትን በወር ውስጥ እያወለቀ መሬት ላይ ሲደረድር አንዴም አላማረረም። በመጨረሻው ቀን የእንጨቱን እጀታ ፈትቶ ኪሱ ከተተ፣ በቦታው ድሮ የነበረውን ፕላስቲክ አሰረ። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ምን ያስደብቀኛል።

በማግስቱ ካሪስ ከኔ ቢሮ ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኢንሹራንስ የምትሸጠው ሴት ጥያቄዋን ቀጠለች።

«መኪናዋ ላይ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የተቀየረ ነገር አለ?»

ጌሬንት በእጁ ምንም የለም የሚል ምልክት ሰጣት። እውነትም ምንም አልነበረም። ካሪስ ግን እጇን ኪሱ ውስጥ ሰዳ የእንጨቱን እጀታ መዥረጥ አደረገችው።

«አንድ ነገር አለ። የማርሽ እጀታው እንጨት ነው። ወንድሜ ነው የሠራው።»

«ፕላስቲኩ ነው ያለው እኮ!» አለ ጌሬንት በሹክሹክታ።

«እሱ የሚቆየው ስልኩን እስክዘጋ ነው» አለችው።

ሴትዮዋ ሳቀች። «እሱስ ዋጋውን አይነካም። መመዝገብም አያስፈልገውም።»

«ግድ የለም፣ ይጻፍልኝ።»

ሴትዮዋ ስትጽፍ ተሰማን። የነገረቻት ዋጋ ካሪስ የምትችለው ነበር። ከዚያ፣ «በመጨረሻ፣ ከእርስዎ ሌላ መኪናዋን የሚነዳ ሰው ይኖራል?» አለች።

ካሪስ ወንድሟን ላለማየት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ለጊዜው…» ብላ ጀመረች።

ጌሬንት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«የለም» አለ። «ወንድሟ ነኝ። እኔ አልነዳም።»

ወረቀቱ በሳምንቱ መጣ። «የተቀየረ ዕቃ» ከሚለው ትይዩ «የማርሽ እጀታ፣ እንጨት፣ በእጅ የተሠራ» ተብሎ ተጽፏል። ጌሬንት ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ያንን ገጽ ካሪስን ለምኖ ወሰደና አራት ቦታ አጥፎ፣ መንጃ ፈቃዱን ይዞበት የነበረው የቦርሳው ኪስ ውስጥ ከተተው።