በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም

ዙሪክ ከተማ፣ አፎልተርን በሚባለው ሰፈር ሦስት አሮጌ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የሦስቱም ቁልፍ የሚንጠለጠለው ከከፈለ ወገብ ላይ ነው። ከፈለ ሃውስቫርት ነው። ደረጃ ያጸዳል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ቆሻሻ በቀኑ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መግቢያው ላይ የወረደውን በረዶ ይዝቃል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥራውን ከጀመረ ሁለት ወር ከሃያ ቀን ሆኖታል፤ የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው። የቀሩት አሥር ቀናት ናቸው፤ ሙከራውን ካለፈ ቋሚ ውል ይይዛል፣ ቋሚ ውል ከያዘ ጊዜያዊውን «ኤፍ» የመኖሪያ ፈቃድ «ቤ» በሚባለው በጸናው ፈቃድ እንዲለውጡለት ማመልከት ይችላል። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ወረቀት ነው።

ወደዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ አሸንዳ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ጣሪያ ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው የዝናብ ጣሪያ ነው። ዝናብ ግልጽ ጠላት ነው፦ ይመጣል፣ መውረጃ ከሰጡት ይወርዳል፣ ያልፋል። የዙሪክ ክረምት ግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጥል ከቆየ በኋላ፣ ከፈለ ሦስተኛው ቤት ውስጥ የተደፈነ ቱቦ ይከፍት ነበር። ሕንፃዎቹን የሚያስተዳድረው ፈርቫልቱንግ የየቤቱን ጣሪያ ሁኔታ እስከ ቀትር እንዲያሳውቅ አዞታል። አንደኛው ቤት ድረስ ሄዶ አራት ፎቅ ከመውጣት ይልቅ እዚያ ላይኛው ፎቅ ለሚኖሩት ለአገሩ ሴት ደወለ።

«እማማ ለተሚካኤል፣ እንደምን አደሩ? እባክዎን በጣሪያው መስኮት ብቅ ብለው ጠርዙ ላይ ምን እንዳለ ይዩልኝ።»

«ደግሞ እኔን ሃውስቫርት አደረግኸኝ? ቁልፉንም አምጣዋ!» መስኮቱ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ተሰማ። «በረዶ ነው።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው። ልዝጋው በል፣ ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ነው።»

አመሰገነና የጣሪያው ሁኔታ የሚሞላበትን ቅጽ አወጣ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «ሽኔ» ይላል፣ ሌላው «አይስ»። ሽኔ ከሰማይ የሚወርደው ጥጥ የመሰለው ነው፤ አይስ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ነው። በአማርኛ ሁለቱም በረዶ ናቸው። ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው። ከፈለ ሽኔ ላይ ምልክት አደረገና ላከው። ለሽኔ ማንም አይመጣም። ለአይስ ጣሪያ ሠሪዎች በዚያው ቀን ይላካሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል፤ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነውና። ጣሪያ ላይ የተኛ በረዶ በፀሐይ ብቻ አይቀልጥም፤ ከታችም ይቀልጣል። ቤቱ ይሞቃል፣ ሙቀቱ በደረጃው ሽቅብ ይወጣል፣ ኤስትሪሽ የሚሉትን ከጣሪያው ሥር ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ ያሞቀዋል። ያን ጊዜ የጣሪያው ሸክላ ይሞቅና በረዶውን ከሆዱ ያቀልጠዋል። ውሃው ሳይታይ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከግድግዳው አልፎ የወጣው ጠርዝ ግን ከሥሩ ቤት የለውም፤ ቀዝቃዛ ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይጠጥራል። በማግስቱ ሌላ ይደረብበታል። አሸንዳው ይሞላል፣ ጠርዙ ላይ ግድብ ይሠራል፣ ከኋላው የሚመጣው ውሃ መውጫ ያጣና በሸክላዎቹ መደራረቢያ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። መንገደኛው ግን የተንጠለጠሉትን የበረዶ ዘንጎች አይቶ ፎቶ ያነሣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ከፈለ! አልጋዬ ላይ እየዘነበ ነው!»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ኮርኒሱ እንደ እርጉዝ ሆድ አብጦ ከመካከሉ ይንጠባጠባል። እማማ ለተሚካኤል ድስት ደቅነው ፍራሹን ወደ ግድግዳው እየጎተቱ ነበር። በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። አሸንዳው ከዳር እስከ ዳር በክንድ ውፍረት ጠጥሯል፤ የቆርቆሮው ማያያዣዎች ከክብደቱ የተነሣ ጎብጠዋል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም።

«ማክሰኞ ያዩት ይህን ነው?»

«ታዲያ ምኑን? በረዶ ነው አላልኩህም?»

ጣሪያ ሠሪዎቹ መጡ። በመዶሻ አልቀጠቀጡትም፤ ሸክላው ይሰበራላ። ጨውም አልበተኑም፤ ጨው ቆርቆሮውን ይበላል። በሙቅ እንፋሎት ቀጭን መውረጃ ከፈቱለት፤ ውሃው ራሱ መንገዱን አገኘ። ከፈለ ዓይኑን ከእጃቸው አልነቀለም። ከሄዱ በኋላ ወደ ኤስትሪሹ ወጣና የሽንት ቤት ወረቀት ቀዶ በመግቢያው ክዳን ዳር ያዘው። ወረቀቱ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ። ክዳኑ ጎብጧል፤ የደረጃው ሙቀት በሙሉ በዚያ ስንጥቅ ይወጣ ነበር። እንግዲህ በሽታው ከጣሪያው ላይ አልነበረም፣ ከታች ነበር። እየፈራም ቢሆን ደስ አለው።

ደስታው እስከ እሑድ ነበር፤ ሰኞ ስለ ፍሳሹ የሚጠይቅ ሰው እንደሚመጣ ተነግሮታል። ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ይልማ ደወለ፤ ከፈለ የሆነውን ሁሉ ነገረው።

«ሰኞ ማን ነው የሚመጣው?»

«ከፈርቫልቱንግ፣ ፍራው ብሩነር። ቅጹን ይዛ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ናት ያየችው። አይቼ ነገርኩት ትበል። ሽማግሌ ናት፣ ማን ምን ይላታል?»

«እሳቸው እኮ አልተሳሳቱም።»

«ዘጠኝ ዓመት ጠብቀህ አሁን ጻድቅ ልትሆን አማረህ? ዝም በል እንጂ፣ አንተ ሰው!»

ሰኞ ፍራው ብሩነር ያበጠውን ኮርኒስ አየች፤ ቅጹን አወጣች።

«አቶ ከፈለ፣ ማክሰኞ ጣሪያውን ማን አየው?»

የይልማ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበር። «ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ። «አልወጣሁም። በስልክ ጠየቅሁ፣ በቋንቋችን ሁለቱ አንድ ቃል ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቅ ጻፍኩ።»

እሷ ጻፈች። አልተቆጣችም፤ ይህም አስፈራው። ሐሙስ የስንብቱ ደብዳቤ መጣ። በሙከራ ጊዜ የማሰናበቻ ማስጠንቀቂያው ሰባት ቀን ነው።

እማማ ለተሚካኤል ሲሰሙ ደረጃው ላይ ያዙት።

«ሞኝ! ለምን እኔን አላልክም? ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፣ እኔን ከምን ሥራ ያባርሩኛል?»

«እርስዎማ እውነቱን ነገሩኝ። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

«እና አሁን ወረቀትህስ?»

ቋሚ ውል የለም፤ ማመልከቻው የለም፤ ሌላ ሥራ እስኪገኝ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ማታ ማታ ይህን ሲያሰላ ያመሽ ነበር። ቀን ቀን ግን ክዳኑን አወረደ፣ በመላጊያ አቃናው፣ ዙሪያውን ላስቲክ ለጠፈበት፣ በላዩ ወፍራም የሙቀት መከላከያ አሰረበት። የአሸንዳውን ቅጠል ጠረገ። ወረቀቱን እንደገና ዳሩ ላይ ያዘ፤ አልተነቃነቀም። ኤስትሪሹ እንደ ውጪው ቀዘቀዘ፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

በአምስተኛው ቀን እንደገና ጣለ። ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሦስቱን ጣሪያዎች አነጻጸረ። የአንደኛው ቤት በረዶ ከአናት እስከ ጠርዝ እኩል ነጭ ሆኖ ተኝቷል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ግን አናታቸው ገና ከአሁኑ ጠቁሯል፤ አሸንዳቸው ላይ ቀጫጭን ዘንጎች ማቆጥቆጥ ጀምረዋል።

እማማ ለተሚካኤል በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «አባርረውህ ደግሞ ምን ቆመህ ታያለህ?»

«የቀረኝ ሁለት ቀን ነው፣ እማማ» አለ። «የቀረውም ሁለት ቤት።»

ላስቲኩን በብብቱ ሸጎጠና መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ሁለተኛው ቤት ተሻገረ።