ከሙሽሪት የሚቀድም አፕ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መነጽር» ይላታል። ከፎቁ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ ሌንስ ስትሞርድ፣ የተጣመመ ፍሬም ስታቃና፣ ከአሸዋ የማትበልጥ ብሎን በመርፌ ጫፍ እየገፋች ስታስገባ ሃያ ዓመት ሆኗታል። የስንቱን ዐይን አቅንታለች። የራሷ ዐይን ግን፣ አፍ አውጥታ እንደምትናገረው፣ በቅናት ደም የለበሰ ነው።

የቀናችው በወንድሟ ሚስት ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ አሥራ ዘጠኝ። አጥባ፣ አብልታ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው። ከዚያ አገባ። ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ ትሁት፣ ሰው አክባሪ፣ እንከን ብትፈልግ የማታገኝባት። ከተጋቡ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እትዬ ግን ዛሬም «ሙሽሪት» ነው የምትላት። «ሙሽሪት» ስትል ደግሞ ከንፈሯን እንዴት እንደምታጣምመው ማየት ነው።

ወንድምየው የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ማሽን ይነዳል። የሚሠራበት በረሃ ስልክ አይደርስም። በድርጅቱ ቢሮ አንድ ደካማ ኢንተርኔት አለ፤ እሱም መስመሩ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ከኢሜይል በቀር ሌላው ሁሉ ተዘግቶበታል። ስለዚህ ይጽፋል፤ ለእህቱም፣ ለሚስቱም።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። እትዬ ማሽኗን አስነሥታ ስትሠራ ስልኳ ይጮኻል። ሙሽሪት ናት። «እትዬ፣ ጻፈ እኮ! ደህና ነው፤ ጉንፋኑም ለቆታል!» እትዬ የራሷን ኢሜይል ብትከፍት ባዶ ነው። የሷ ደብዳቤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እየተንቀረፈፈ ይመጣል።

«ጉንፋን እንደያዘውም አልሰማሁ!» አለችኝ፣ መነጽሬን ላስጠግን ሱቋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ። «ያን አፍንጫ እየጠረግሁ ያሳደግሁት እኔ!»

አንድ ጠዋት ስልኳን ይዛ ጎረቤቷ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ገባች። ራሰ በራ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«ይሄ ስልክ ያዳላል» አለችው።

«ለማን?»

«ለሙሽሪት።»

ተቀብሎ ነካካው። «ስልኩ ምን አጠፋ፤ ጥፋቱ የአፑ ነው። ከስልኩ ጋር የመጣው ኢሜይል ባትሪ ልቆጥብ እያለ በሰዓት አንዴ ብቻ ነው ሄዶ የሚያመጣልሽ። ሰነፍ ፖስተኛ በይው። ሌላ ልጫንልሽ።»

«ጫንልኝ። ግን ቀልጣፋውን።»

የመጀመሪያው ከአንድ ሰው የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ አንድ ላይ የሚከምር ሆነ። የወንድሟን አዲስ ቃል ለማግኘት የአምናውንና የካቻምናውን መግለጥ ሊኖርባት ነው። «ይሄማ ሽንኩርት ነው። እየላጥሁ ላልቅስ እንዴ?» ብላ አስጠፋችው።

ሁለተኛው አስፈላጊውን በአንድ በኩል፣ ትርኪ ምርኪውን በሌላ በኩል ራሱ እየለየ ያስቀምጣል። ከፍታ ስትፈልግ ወንድሟን ከትርኪ ምርኪው መሃል፣ ከፍሬም ነጋዴ ማስታወቂያ ሥር አገኘችው።

«ማነው ይሄ፣ ወንድሜን ከማስታወቂያ የሚቆጥር?»

«ገና አላወቀሽም እኮ፣ እትዬ። ሁለት ሦስት ቀን እየከፈትሽ ስታነቢለት ይማራል። ለወንድምሽ ሚስትም እሱን ነው የጫንኩላት፤ በጣም ነው የወደደችው።»

«አጥፋው!»

«አሁን ምን አደረገሽ?»

«ከእሱ የሚቀድም ስጠኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ኢሜይል የፈረስ ግልቢያ አይደለም!»

«አንተ ምን አለብህ፤ የወንድም ሚስት የለህ!»

ሦስተኛው ጌጥ የሌለው ትንሽ መተግበሪያ ነው። አንድ ሙያ ብቻ አለው፤ ደብዳቤው በደረሰበት ቅጽበት ያፏጫል፣ ስልኩ ተቆልፎ እንኳ የላኪውን ስምና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ከላይ ያሳያል።

«ቀሪውን ለማንበብ ግን መክፈት አለብሽ፣ እንዳትረሺ» አላት።

«ሁለት መስመር ይበቃኛል። ለመቅደም ስንት መስመር ሊያስፈልግ ነው?»

አምስት ቀን ጠበቀች። ስልኩን ከማሽኑ አጠገብ አቁማ በአንድ ዐይኗ ሌንሱን፣ በአንዱ ስልኩን ትጠብቃለች። በዚያ ሳምንት ለአንድ ሽማግሌ ደንበኛዋ የቀኙን ሌንስ በግራ ገጥማ ሰጥታ፣ ሰውየው መንገዱን በዳበሳ ተሻግረዋል አሉ።

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ አፏጨ። «እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቤት ነኝ። የአሥር ቀን ፈቃድ ሰጥተውኛል…» እዚያ ላይ ተቆርጧል።

ሽርጧን አልፈታችም። የደንበኛ ፍሬም በመቆንጠጫው እንደተነከሰ ትታ፣ ሱቁን ቆልፋ ወጣች። በስልክ መንገር ትችል ነበር፤ ግን የሙሽሪትን ፊት ማየት አማራት። ትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።

ሙሽሪት በአስተማሪዎች ክፍል ጥግ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። እትዬን ከነሽርጧ ስታይ ብድግ አለች።

«እትዬ! ምን ሆኑ? ደህና አይደሉም?»

«አልሰማሽም?»

«ምኑን?»

«ይቺ ‹ምኑን› አንጀቴን አራሰችው» አለችኝ እትዬ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ላቧን ጠረገች። ውኃ አስመጣች፤ ቀስ እያለች ጠጣች። የስድስት ዓመት ጥሟን ባንድ ትንፋሽ ልትጨርሰው አልፈለገችም።

«ባልሽ» አለች በመጨረሻ፣ «ቅዳሜ ይመጣል።»

የሙሽሪት እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። «እውነት? እስቲ ያንብቡልኝ፣ እትዬ!»

እትዬ ደብዳቤውን ገና አሁን ከፈተችው። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ዜና አንባቢ ጀመረች። ሁለቱ መስመር አለፈ፤ ሦስተኛው መጣ። «‹…ይህን የምነግርሽ ላንቺ ብቻ ነው። እሷ እንዳትሰማ አደራ። ሳታስበው በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምስጢሬን ካንቺ ሌላ ያስቀመጥኩበት…›»

ድምጿ እየሰለለ ሄዶ ቆመ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ለካ የሚቀድማት አልነበረም። ደብዳቤው ለሷ ብቻ የተጻፈ ነው። ያን አንዱን፣ ከማንም የማትካፈለውን ነገር፣ በገዛ እግሯ ተሸክማ አምጥታ ለሙሽሪት አስረከበቻት።

«እንዳትነግሪብኝ» አለች። ሙሽሪትን ስትለምን የመጀመሪያዋ ነው። «ካወቀ ሁለተኛ አያምነኝም። እሱን ካጣሁ ምን ቀረኝ?»

ሙሽሪት የወደቀውን እስክሪብቶ አነሣችና «ቀንተውብኝ ነው አይደል?» አለቻት።

«ማን? እኔ?»

«እኔም እቀናለሁ እኮ፣ እትዬ።» ስልኳን አውጥታ የባሏን ደብዳቤዎች አሳየቻት። ጣራው ቢያፈስ እትዬን ጠይቂ። ቧንቧው ቢበላሽ እትዬን አማክሪ። «አሁን ያነበቡልኝን ዓይነት ቃል ለኔ ጽፎልኝ አያውቅም። ገና ደብዳቤው ሲገባ ሮጬ የምደውልልዎት ለምን ይመስልዎታል? አንድ ቀን እንኳ እኔ ልቅደም ብዬ ነው።»

እትዬ ስልኩን ተቀብላ ደብዳቤዎቹን ራሷ ደግማ አነበበች። ትንሽ ደስ ብሏታል፤ ይህንንም አልደበቀችኝም።

«በሉ እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች ሙሽሪት። «ቅዳሜ እደነግጣለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«እንዲህ» ብላ ዐይኗን አፈጠጠች።

«ይሄማ ጥርሷን የታመመች ነው። እጅሽንም አንሺው እንጂ። ኧረ ሌባ የያዝሽ አታስመስይው!»

ወዲያ ማዶ ደብተር የሚያርም አንድ አስተማሪ «ድራማው መቼ ነው? ትኬት እንቁረጥ?» ብሎ ሳቀባቸው።

ቅዳሜ እትዬ «እንዲያው ሳልፍ» ብላ፣ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ እነሱ ቤት ተገኘች። በሩ ተንኳኳ። ሙሽሪት ከፈተች። ከተለማመዱት አንዱንም አላደረገችም፤ አልጮኸችም፣ እጇንም አላነሣችም። ቆማ እያየችው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱ ሻንጣውን ጥሎ አቀፋትና በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እህቱን እያየ «ምስጢርማ ላንቺ ነው፣ እትዬ!» አለ።

እትዬ ፈገግ አለች፤ መሬት ብትከፈት ግን ትገባ ነበር። ያንገበገባት ደግሞ ሙገሳው ብቻ አይደለም። «ያ እንባ የእውነት ነበር» አለችኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ እያወቀች! እኔ እኮ ሻንጣው ምንጣፉን እንዳያቆሽሸው ነበር የማየው።»

በአሥረኛው ቀን ሊመለስ ሲሰናዳ፣ «የሚቀጥለውንም ፈቃዴን ለእትዬ ነው በምስጢር የምጽፍላት» ብሎ ቀለደ።

«የለም» አለች እትዬ። «ለሁለታችንም ባንድ ደብዳቤ ጻፍ። አንዱን ለሁለት ሰው መላክ ይቻል የለ?»

«ይቻላል። ማንን ላስቀድም ታዲያ?» አለ፣ ነገር ሲፈልግ።

«ሙሽሪትን» ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደነበር ምላ ተገዝታ ነው የነገረችኝ። ሙሽሪት ግን ሸሚዙን እያጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እትዬን ነዋ» አለች።

«አየህልኝ?» አለችኝ እትዬ፣ መነጽሬን ወደ ብርሃን አንሥታ እያገላበጠች። «በዚህም ቀደመችኝ!»