ደሟን ብቻ? አይሆንም!

የእህቴ ልጅ ግትር ናት። ቤተሰቡ ሁሉ «ፍንክች» ነው የሚላት፤ አንዴ «እንዲህ ነው» ካለች ወይ ፍንክች! ሌላው ሰው ይሄን ለወቀሳ ይናገረዋል። እኔ አክስቷ ግን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ፣ ከስንቱ ደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩት ሴት፣ በኩራት ነው የምናገረው። ማንን ትምሰል ታዲያ?

ስኳር የያዛት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ኢንሱሊኗን ራሷ ትወጋለች፣ ደሟን ራሷ ትለካለች፤ አንድም ቀን «ወይኔ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ወይኔ ባይዋ እናቷ ናት። እህቴ የጫማ መደብር ውስጥ ሻጭ ናት። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስለምትውል ይሁን እንጃ፣ የሰው አፍ እንደ እሳት ትፈራለች። «ሰው እንዳይሰማ! ነገ ማን ያገባታል?» ነው ነጋ ጠባ። በዚህ የተነሳ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብታ ነው የምትወጋው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ቅጥል ይላል። ሌባ ናት እንዴ?

ዘንድሮ ሆስፒታሉ በእረፍት ወራት ተማሪዎችን ተቀብሎ በስኳር በሽታ ምርምር ሊያሠለጥን ነው ሲባል ፍንክች ተፈትና አለፈች። እናቷም ፈቀደች፤ ግን «ስኳር እንዳለብሽ ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብትዪ በዚያው ቀን ቤት ትገቢያለሽ» ብላ አስማለቻት። ልጅት ማለች። ጋዋኗን ለብሳ ከበጎ ፈቃደኞች የተቀዳውን ደም በማሽን ስታሽከረክር ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ስለ ቆሽት እየሰበከች እራታችንን አላስበላ ትለናለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ላብራቶሪ ውስጥ ስኳሯ ወርዶ፣ እግሯ ከድቷት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ኮሪደር አውጥተው ጁስ ሲያጠጧት ተመልሶላታል፤ ስኳር እንዳለባትም ያኔ አወቁ። እኔና እህቴ ነፍሳችን ሊወጣ ስንሮጥ ደረስን። ፍንክች ደህና ሆና፣ ብስኩቷን እየበላች የፕሮግራሙ ኃላፊ ሐኪም ፊት ተቀምጣለች። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን።

«እናት፣ አይደንግጡ» አላት እህቴን። «ብቻ ላብራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ነው፤ የእሷ ስኳር ደግሞ እንዳዩት ይወርዳል። ስለዚህ ከሥራው ትውጣና ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ትሁን። ደም እየሰጠች ታግዘናለች። ዕድሜዋ ስላልደረሰ የሚቀረው የእርስዎ ፈቃድ ነው።»

እኔ ጦፍኩ። አፌን ልከፍት ስል ፍንክች ቀደመችኝ።

«ደሜን ትፈልጉታላችሁ፣ ጭንቅላቴን ግን አትፈልጉትም ማለት ነው?»

«ለደህንነትሽ ብለን እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ዶክተር፣ ስኳሬ እየወረደ እንደሆነ አውቄ ነበር። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ገብቶኛል። ከረሜላዬ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ወጥቼ ብበላ ‹ምን ሆነሽ ነው?› ይሉኛል ብዬ ቀረሁ። የጣለኝ መደበቄ ነው። ከእንግዲህ ከመግባቴ በፊት እለካለሁ፣ ሲወርድም ወጥቼ እበላለሁ። ከሥራው ግን አልወጣም!»

ዞሬ እህቴን አየኋት። ክው ብላለች። ልጅቷ ስሟን አላነሳች፣ አልወቀሰቻት፤ ግን ማን ደብቂ እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን። አሁን እህቴ አንገቷን ደፍታ «ነይ ወደ ቤት» ብትል ነገሩ አለቀለት። እንደዚያ ካለች እዚያው ልጣላት ተዘጋጅቻለሁ፣ እውነቴን ነው።

«ደሟን አልፈቅድም» አለች እህቴ። ከወንበሯ ተነሳች። «ትሥራ ካላችሁ ትሥራ። እጇን ዘርግታ ደም ብቻ ትስጥ ካላችሁ ግን ሞቼ እገኛለሁ! ልጄ ስኳር አለባት እንጂ ምን ጎደላት?»

ስኳር የሚለው ቃል ሰው ፊት ከአፏ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቤት ውስጥ እንኳ «ያ ነገር» ነበር የምትለው። እንባዬ መጣ፣ ምን አባቴ ልሁን።

ሐኪሙ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ወደ ልጅቷ ዞረ። «ስኳርሽ ስንት ሲሆን ነው የምትወጪው?» አላት። ቁጥሯን ነገረችው። «ከዚያ ከፍ ይበል፤ አብረውሽ ለሚሠሩት ሁሉም ንገሪያቸው» አለ። «እሺ» አለች። ለክታ አሳየችው። «በይ ግቢ!» አላት፤ ቻው እንኳ ሳትለን ሮጠች።

እህቴ ልጇ እስክትወጣ አልሄድም ብላ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ «እዚህ ማን አለሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ልጄ። ስኳር አለባት።»

«እኔን! ተኝታ ነው?»

«ምን ትተኛለች!» አለች እህቴ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ሥራ ላይ ናት!»