ልምምድ መስሎኝ

የባለቤቴ የደረጀ ሕመም ሲጀምር አጠገቡ ነበርኩ፤ ስቄበታለሁም። ይህን የምጽፈው እንደኔ አስታማሚ ለሆናችሁ ነው።

ደረጀ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ዓርብ ሱቁን ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ በስልኩ ኤስፔራንቶ ይለማመዳል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው፣ የማንም አገር ያልሆነ ቋንቋ ነው። ኦምዱርማን ካለው መምህር ከዑስማንና በየአገሩ ካሉ ጥቂት ሰዎች ጋር በኢንተርኔት በድምፅ ተገናኝተው ስለ ምሳ፣ ስለ ሙቀት ያወራሉ። ደንባቸው ሌላ ቋንቋ አለመቀላቀል፣ ቃል የጠፋበትንም ሳያቋርጡ መጠበቅ ነው። እኔ የወፍ ቋንቋ እለዋለሁ።

ዐቢይ ጾም ነበር። የደም ግፊት ክኒኑን ጠዋት መዋጥ ያስገድፈኛል ብሎ ትቶት ኖሯል። አልነገረኝም።

ስምንት ሰዓት አልፏል። ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ ደረጀ ከሳሎን አንድ ነገር አለኝ። አልገባኝም። አማርኛ ነው የማውቀው፣ ለጓደኞችህ ንገራቸው ብዬ ሳቅኩ። ደገመልኝ። አሁንም ሳቅኩ።

ከዚያ ስልኬ ጠራ። ዑስማን ነበር፤ ከኔ ጋር በዐረብኛ ነው የሚያወራው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ደረጀ የሚናገረው የኛን ቋንቋ አይደለም። ቃል እየፈለገ መስሎን ጠበቅነው። በዐረብኛም ጠየቅኩት፣ አልመለሰልኝም። ያላ፣ ቶሎ ሄደሽ እዪው።»

ገባሁ። ስልኩ መሬት ወድቋል። ቀኝ እጁ አይነሳም። አፉ ተጣሟል። ጠራሁት። አየኝ እንጂ አልመለሰልኝም።

ጎረቤት ደግፎልኝ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሟ ስትሮክ ነው፣ የረጋ ደም የአንጎሉን የደም ሥር ዘግቶታል አለችኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው? የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የምንሰጠው ሰዓቱን ካወቅን ብቻ ነው።»

ለዑስማን ደወልኩ። ደህናው ንግግሩ የት ላይ እንዳበቃ አላውቅም። ዑስማንም አላወቀም። መድኃኒቱ ቀረበት። ሐኪሟ በሕይወት ይተርፋል ኢንሻአላህ፣ ስለ ንግግሩ ግን ቃል አልገባልሽም አለች። ፈራሁ። የሚተርፈው ዝም ብሎ ሊኖር ከሆነስ እያልኩ ሦስት ቀን አልተኛሁም።

ቃል ማጣቱን አፌዥያ ይሉታል። ቤት ከገባን በኋላ በየቀኑ ማንኪያውን፣ መቀሱን፣ ክሩን እያነሳሁ ስሙን አስጠራዋለሁ፤ አንዳንዱ ወዲያው ይመጣለታል፣ አንዳንዱ እስኪያልበው ድረስ ያስቸግረዋል። የዓርብ ጓደኞቹም ደንባቸውን ትተው አማርኛውን አብረውት ሊማሩ መጡ፤ «ውኃ» ሲል ሁሉም እየተንተባተቡ «ውኃ» ይላሉ፣ እሱም እነሱን ለማረም ሲል ይበረታል። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት «ስትስቂ ሰምቼሻለሁ» አለኝ። አለቀስኩ። «አልተቀየምኩሽም» ለማለት ሌላ ሳምንት ፈጀበት።

ዑስማንን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደንቡን ባያፈርስ ኖሮ እኔ ሽሮዬን እያማሰልኩ ነበር። እናንተም የሰዋችሁ ንግግር ሲለወጥባችሁ ፊቱን እዩ፣ ሁለት እጁን እንዲያነሳ ጠይቁት፣ ሰዓቱን ያዙና ሩጡ። ስለ ክኒኑ በጾም ጊዜ ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ፤ የኛ አባት ያለ ማመንታት ፈቅደውለታል።

ደረጀ ዛሬም ዓርብ ዓርብ ያወራል። እኔም በየመሀሉ ብቅ እያልኩ በአማርኛ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ለምን ታቋርጪኛለሽ ብሎ ይቆጣኛል። ይቆጣ። ሲቆጣ አንድም ቃል አይጠፋበትም።