ሐይቁ የተዘጋ ዕለት

የሰፈሩ ሰው «ውኃ ልክ» ይለዋል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እሱ የገጠመው መስመር ሲያፈስ ታይቶ አያውቅም። ዋና አለመቻሉ ግን ለብዙ ዘመን የሰፈሩ መሳቂያ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ወዳጁ፣ «ከውኃ ጋር ትውላለህ፣ ባልዲ ውስጥ ብትወድቅ ግን ቀባሪ ነው የሚያወጣህ» ይለው ነበር።

ዋናተኛው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ወንድም ጋሼ የሚለው። ሐይቁ ዳር በየዓመቱ ለሚደረገው የአማተሮች ውድድር ሦስት ሆነው ይመዘገቡ ነበር። ወንድም ጋሼ ይዋኛል፣ አንድ የሥራ ባልደረባው ብስክሌት ይነዳል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይሮጣል። የሚቀባበሉት ዱላ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የምትታሰር፣ ሰዓት የምትመዘግብ ማሰሪያ ናት። ወንድም ጋሼ ለሴት ልጁ፣ «ዕድሜሽ ሲደርስ ይቺን ከእግሬ ፈትተሽ የምትነጂው አንቺ ነሽ» ይላት ነበር። የእሷ ዕድሜ ሳይደርስ እሱ ደረጃ ላይ ዐረፍ ልበል ብሎ እንደተቀመጠ በዚያው ቀረ። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ዕድሜዋ በደረሰበት ዓመት ልጅቱ አጎቷ በር ላይ መጥታ ቆመች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለትምህርት ሩቅ አገር ልትሄድ ነው፤ ውድድሩ የሚደርሳት አንዴ ብቻ ነው።

«ዋናተኛ የለኝም» አለች።

«አለሽ» አለ ውኃ ልክ፤ ምላሱ ቀድሞት።

ከአፍ የወጣ አይመለስምና መማር ነበረበት። የአንድ ትምህርት ቤት መዋኛ ገንዳ ፓምፕ የሚጠግነው እሱ ስለሆነ፣ ጧት ጧት ከሥራ በፊት እንዲገባ አስፈቀደ። ጠርዙን ይዞ ተንፈራገጠ፣ ስንት ውኃ ጠጣ፣ ዘበኛው «አሁንስ ገንዳው ሊጎድል ነው» እያለ ሳቀበት። እያደር ግን ከዳር ዳር ማቋረጥ ቻለ። አንድ ነገርም አወቀ፤ በየሰው መታጠቢያ ቤት ሲንበረከክ ያለቀው ቀኝ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ አያመውም። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ሁለመናው የሚያርፈው እዚያ ብቻ ነበር።

የውድድሩ ጧት ሐይቁ እንደ ጣዱት ድስት ይንተከተክ ነበር። ነፋሱ ተንሳፋፊ ምልክቶቹን ነቅሎ ዳር ጥሏቸዋል፤ ማዶ መብረቅ ይብለጨለጫል። አስተባባሪው ድምፅ ማጉያውን አነሣ።

«የሐይቁ ዋና ተሰርዟል። ዋናተኞች በሐይቁ ዳር መንገድ ሮጠው ለብስክሌት ያስረክባሉ። መንገዱ ለመኪና የሚከፈትበት ሰዓት አይለወጥም። ከዚያ በኋላ የሚነሣ ብስክሌት የለም።»

ውኃ ልክ የወንድሙን የዋና መነጽር አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ አለው።

«ስማ፣ ሁለቱንም እኔ እሮጣለሁ። ዳኛውን ጠይቄያለሁ፣ ይፈቀዳል። አንተ ጃንጥላ ያዝልን።»

«የወንድሜ ቦታ ነው።»

«የወንድምህ ቦታ ውኃ ውስጥ ነበር፣ ይሄ አስፋልት ነው። በዚያ ጉልበትህ?»

«ጉልበቴን እኔ አውቅበታለሁ።»

«አጎቴ፣ ግድ የለም፣ እሱ ይሩጥ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

«ማሰሪያውን ከማን እግር ልትፈቺ ነው ልጄ? ከፀጉር አስተካካይ?»

«ፀጉር አስተካካይ እግር የለውም እንዴ?» አለ ወዳጁ። የሳቀለት አልነበረም።

ውኃ ልክ ከመሣሪያ ሻንጣው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ረጅም ላስቲክ አወጣ። የሚያፈስ ቧንቧ እንደሚታሰረው፣ እየሳበ፣ ዙሩን በዙር ላይ እያስረገጠ ጉልበቱን ጠመጠመው።

«ላላ አድርገው፣ ደም ይዘጋል።»

«የላላ መገጣጠሚያ ያፈሳል። እኔ ያሰርኩት መቼ አፍስሶ ያውቃል?»

ሲነሡ ደህና ነበር፤ እንዲያውም የቀደማቸው ነበሩ። መንገዱ ወደ ዛፎቹ ሲታጠፍ ጣቶቹ መደንዘዝ ጀመሩ። ቀጥሎ ከጉልበቱ በታች ያለው እግር የሌላ ሰው ሆነ፤ መርገጡን እንኳ አያውቀውም። ጎንበስ ብሎ ሊፈታው ሞከረ። ዝናብ የጠጣው ቋጠሮ ንቅንቅ አላለም፤ ቢላዋው ሻንጣው ውስጥ ቀርቷል። የስንቱን ቤት ውኃ ያቆመ ሰው የገዛ ደሙን አቁሞ መንገድ ላይ ቆመ። አጥር እየያዘ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ አነከሰ። ያለፈው ሁሉ ቀና ብሎ አያየውም፤ ዝናቡ ሰውን ሁሉ አስጎንብሶታል።

ሲደርስ የብስክሌት መደርደሪያው ባዶ ነው። ልጅቱ ብቻ የራስ ቁሯን እንደደፋች ቆማለች። መንገዱን የዘጋው ገመድ ተነሥቶ መኪናው መፍሰስ ጀምሯል።

«ሰዓቱ አልፏል እህቴ፣ ምን ላድርግ» አለ ዳኛው።

«ልጄ...» አለ ውኃ ልክ።

ፀጉር አስተካካዩ ከኪሱ የማይለየውን መቀስ አውጥቶ ላስቲኩን ቆረጠለት። ደሙ ሲመለስ እንደ እሳት አቃጠለው። ልጅቱ ተንበርክካ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚቱ ፈታች፣ የራሷ እግር ላይ አሰረችው። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ መኪኖቹን አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወረደች፣ ማሰሪያውን ፈትታ ለዳኛው ሰጠችው።

«ይሄ ይመለሳል አይደል?» አለችው።

በስንብቷ ዕለት ጉንጩን ስማ፣ «አጎቴ፣ ጉልበትህን ታከመው» አለችው። ስለዚያ ቀን ሌላ ነገር አላነሣችም። ብታነሣበት ይቀለው ነበር።

ውኃ ልክ አሁንም ጧት ጧት ገንዳው ይገባል። ዳር ሲደርስ ቶሎ አይወጣም፤ እጁን ወደ ታች ሰድዶ ቁርጭምጭሚቱን ይዳብሳል።

«ምን ጠፋብህ?» ይለዋል ዘበኛው።

«ምንም» ይላል፤ ተመልሶ ይዋኛል።